በገንዳው ጠርዝ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትክክል ነው?

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ያሉ የሆቴልና የስፖርት ማዕከል መዋኛዎች ዋና በሚማሩ ልጆች ይሞላሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ መሠረትም ሐምሌ 18 ቀን በመላው ዓለም የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ ይታሰባል። በዚህ ሰሞን ስለ ላይፍጋርድ (በገንዳ ዳር የሚጠብቅ ነፍስ አዳኝ) እና ስለ ወላጆች ክትትል ብዙ ይባላል፤ መባሉም ተገቢ ነው። በገንዳው ጠርዝ፣ በግድግዳውና በመግቢያው ላይ ስለሚጻፈው ነገር ግን ሲነሳ አንሰማም። እኛ በመዋኛ ገንዳ ግንባታ፣ ጥገናና ዋና ሥልጠና የምንሠራ ባለሙያዎች ነንና ይህንኑ ለአንባቢ፣ በተለይም ለገንዳ ባለቤቶችና ፈቃድ ለሚያድሱ መሥሪያ ቤቶች ልንጽፍ ወደድን።

የውሃውን ጥልቀት በሚናገረው ቁጥር እንጀምር። ውሃ ጥልቀቱን ይደብቃል። ብርሃን ከውሃ ወጥቶ ወደ ዓይናችን ሲመጣ ስለሚታጠፍ፣ ልክ ከላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ እንኳ ወለሉ ከእውነተኛው ጥልቀት ሦስት አራተኛ ላይ ያለ ይመስለናል። ሁለት ሜትር የሆነው ውሃ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሆኖ ይታያል። ጠርዝ ላይ ቆመን አሻግረን ስናይማ ይብስበታል። ዋና የማይችል ወጣት «ደረቴ ድረስ ነው» ብሎ የሚገባበት ውሃ ከራሱ በላይ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በጭንቅላቱ ለሚወረወረው ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ወለሉ አንድ ወጥ ሰማያዊ ከሆነና መስመር ከሌለው ዓይን የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ 1.20 ሜትሩንና 2.50 ሜትሩን መለየት አይችልም። ጥልቀት በሌለው ውሃ በጭንቅላት የገባ ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ላይ ነው፤ አምስተኛውና ስድስተኛው የአንገት አጥንት አካባቢ ሲሰበር ከዚያ በታች ያለው አካል ሊሽመደመድ ይችላል። ለሁለቱም ሰዎች እውነቱን የሚነግራቸው ጠርዝ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር እንዴት መጻፍ እንዳለበት የሚናገሩ ደንቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው የአሜሪካ የመዋኛዎች የጤና ደንብ የቁጥሩ ቁመት ከ10 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ በአንዱ ቁጥርና በሌላው መካከል ያለው ርቀትም ከ7.5 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ይላል። በገንዳው ግድግዳ ላይም፣ ሰው በሚቆምበት ጠርዝ ላይም መኖር አለበት፤ ውሃው ውስጥ ያለው ሰው ግድግዳውን፣ ሊገባ የቆመው ደግሞ መሬቱን ያያልና። 25 በ12.5 ሜትር የሆነ የተለመደ ገንዳ ዙሪያው 75 ሜትር ነው፤ በዚህ ስሌት ጠርዙ ላይ ቢያንስ 10 ቦታ፣ ወለሉ በድንገት ቁልቁል በሚሆንበት ቦታ ደግሞ በግራና በቀኝ ሁለት ተጨማሪ፣ በድምሩ 12 ቦታ ይደርሳል። ግድግዳው ላይም ያንኑ ያህል። ውሃው እስከ አፉ ሞልቶ በዙሪያው ወደ ቦይ በሚፈስ ገንዳ ላይ ከውሃው በላይ የሚታይ ግድግዳ ስለሌለ፣ ቁጥሩ ከጠርዙ ፈንጠር ብሎ በቆመ ሰሌዳ ወይም በአጥር ላይ ይደገማል።

ከዚህ በኋላ ያለው የሴራሚክ ሠሪው ሥራ ነው፤ ስህተቱም እዚያ ይጀምራል። ሠሪው ገንዳው ውስጥ ቆሞ ስለሚሠራ ጠርዝ ላይ የሚገባውን ቁጥር ለራሱ ዓይን እንዲመች አድርጎ ይለጥፈዋል። ውጪ ቆሞ ወደ ውሃው ለሚያየው ሰው ግን ተገልብጧል። ሌላው አኃዝ ቢገለበጥ ያስቃል እንጂ አያሳስትም። 6 እና 9 ግን ቦታ ይለዋወጣሉ፤ 0.90 ተገልብጦ 06.0 ይሆናል። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም፤ ልጅ አምኖት ይገባበታል።

ሁለተኛው ስህተት ከውጭ ተገዝቶ ከሚመጣው የቁጥር ሴራሚክ ጋር ይገባል። ከአሜሪካ ገበያ የመጣው በጫማ የተለካ ነው፤ 5 ብሎ ከጎኑ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል «FT» ይላል። አምስት ጫማ ማለት 1.52 ሜትር ነው። እዚህ አገር በሜትር ሲለካ ያደገ ሰው 5 ሲያይ አምስት ሜትር ነው ብሎ ያስባል፤ ያውም የሚዘለልበት! ቁጥሩ በሜትር፣ ከነጥቡ በኋላ ሁለት አኃዝ ኖሮት (1.20 ሜ. ወይም 1.20 ሜትር) መጻፍ አለበት። «ወደ ሙሉ ቁጥር እናጠጋው» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ግን ወደ ላይ ካጠጋነው የሚወረወረውን፣ ወደ ታች ካጠጋነው ዋና የማይችለውን እናሳስታለን። ስለዚህ አለማጠጋጋት ነው።

ጥልቀቱ የሚለካውም ከጠርዙ ሳይሆን ከውሃው የላይኛው ገጽ ነው። ውሃው በመደበኛ ቀን የሚቆምበት ከፍታ፣ ስኪመር (ከውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ የሚስብ የግድግዳ ቀዳዳ) ባለው ገንዳ የስኪመሩ አፍ ግማሽ ላይ ነው። ከግድግዳው ሥር ወለሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ስለሚዞር ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ይለካል። ባለቤቶች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ገንዳው ሲታደስ በአሮጌው ወለል ላይ አዲስ ሊሾና አዲስ ሴራሚክ ይነጠፋል፤ 5 ሳንቲ ሜትር በቀላሉ ይጠፋል። የመወርወሪያ ሳንቃው ተነሥቶ ጥልቁ በኩል በአፈርና በኮንክሪት በተሞላ ገንዳ ላይ ግን የሚጠፋው ከአንድ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌው «3.00» ከነግርማ ሞገሱ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ከእነዚህ ሁሉ የምንፈራው ይህን ነው። ምንም ቁጥር የሌለው ገንዳ ሰውን ያስጠነቅቃል፤ የተሳሳተ ቁጥር ያለው ግን ያደፋፍራል።

ወለሉ ስለሚሰበርበት፣ ማለትም በድንገት ቁልቁል ስለሚሆንበት ቦታ ትንሽ ቆም እንበል። ጥልቀት በሌለው በኩል ወለሉ በ12 ሜትር አንድ ሜትር ብቻ እንዲወርድ ይደረጋል፤ አንድ ሜትር ሲሄዱ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ እግር እንኳ አያውቀውም። ከስብራቱ በኋላ ግን በሦስት ሜትር አንድ ሜትር ሊወርድ ይችላል። ቁመቷ 1.30 የሆነች ልጅ 1.10 ውሃ ውስጥ አገጯ ከውሃ በላይ ሆኖ ቆማለች እንበል። አንድ ሜትር ወደፊት ስትሄድ ውሃው 1.43 ይሆናል። ለመመለስ ስትሞክር ደግሞ ተዳፋቱ አረንጓዴ አልጌ ይዞት ያንሸራትታታል። ለዚህ ነው ከስብራቱ ቀደም ብሎ፣ ጥልቀት በሌለው በኩል ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ባለው ቦታ ላይ ተንሳፋፊ ኳሶች የተደረደሩበት ገመድ የሚዘረጋው፤ ወለሉም ላይ በጥቁር ወይም በጠቆረ ሰማያዊ ሴራሚክ መስመር የሚሰመረው። ገመዱ ለሥልጠና ተብሎ ጠዋት ይፈታል፣ ከሰዓት በኋላ ማንም አይመልሰውም። አንዳንድ ቦታ «ለፎቶ አይመችም» ተብሎ ጭራሹን ይነሣል። መንጠቆው ብቻ ግድግዳው ላይ ዝጎ ይታያል።

ወደ ሰሌዳዎቹ እንምጣ። ቅርጻቸውና ቀለማቸው በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ነው፤ ክልከላ ክብ ሆኖ ቀይ ጠርዝና ሰያፍ ቀይ መስመር አለው፣ ማስጠንቀቂያ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ግዴታ ሰማያዊ ክብ፣ የአደጋ መውጫና የነፍስ ማዳኛ ዕቃ አረንጓዴ አራት ማዕዘን። ይህን አውቆ የሚያሠራ አለ። የሚሠራበት ማቴሪያል ግን ለአዳራሽ ውስጥ ማስታወቂያ የሚሆነው ስቲከር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች፣ ቀድማ የምትበላውም ቀዩን ነው። ጥቁሩ ይቀራል። «በጭንቅላት መግባት ክልክል ነው» የሚለው ሰሌዳ ላይ ያለውን ሥዕል አስቡት፤ ጥቁር ሰው እጁን ዘርግቶ በጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው፣ በላዩ ላይ ቀይ መስመር ተሠርቶበታል። ሁለት በጋ ካለፈ በኋላ ቀዩ ክብና መስመሩ ነጥተው ወደ ሐመር ሮዝ ይለወጣሉ፣ ከዚያም ይጠፋሉ። የቀረው ጥቁር ሰውዬ እጁን ዘርግቶ ሲጠልቅ ነው። ሰሌዳው «እዚህ ጋ እንዲህ ዝለሉ» እያለ ነው። በዚህ ዓይነት ትርጉሙ የተገለበጠ ሰሌዳ ብዙ ቦታ ቆሟል፤ ሠራተኛው በየቀኑ ስለሚያየው አይታየውም። መፍትሔው ለጠርዙ ቀለሙ አብሮት የተተኮሰና የማያንሸራትት ሴራሚክ፣ ለግድግዳው ፀሐይ የሚከላከል ሽፋን የተደረገበት አሉሚኒየም ሰሌዳ ነው። በብሩሽ የተቀባ ቀለም ለጊዜው ይሆናል፤ ክሎሪን የሚረጭበት ቦታ ግን ዕድሜው አጭር ነው።

ቃሉም ያሳስባል። «መዝለል ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ በአማርኛ ሁሉንም ያጠቃልላል፤ በእግር ዘልሎ መግባትንም፣ በጭንቅላት መወርወርንም፣ ጠርዝ ላይ እየዘለሉ መጫወትንም። ሁሉንም የከለከለ ጽሑፍ እንዳልከለከለ ነው፤ ልጆቹ በእግራቸው ሲዘሉ ላይፍጋርዱ ዝም ስለሚል ጽሑፉ ዋጋ ያጣል። 1.50 ሜትርና ከዚያ በታች በሆነው ሁሉ ከየቁጥሩ ጎን «በጭንቅላት መግባት ክልክል ነው» ተብሎ ይጻፍ። ሥዕሉም አብሮ ይሁን። ቋንቋው የእንግሊዝኛ ብቻ የሆነባቸው ሆቴሎች ለማን እንደጻፉ አይገባንም፤ ቅዳሜና እሑድ ገንዳውን የሚሞላው የሰፈር ልጅ ነው። ቢሾፍቱ ላይ አፋን ኦሮሞ፣ ሐዋሳ ላይ ሲዳምኛ ከአማርኛው ጎን መኖር አለበት። ግን ሃያ ሁለት ደንብ በሦስት ቋንቋ በአንድ ሰሌዳ ላይ ቢደረደር ማንም አያነበውም። ስለ ሻወርና ስለ ዋና ልብስ የሚለው መግቢያው ላይ ይቀመጥ፤ አንገት የሚሰብረውና የሚያሰጥመው አደጋው ባለበት ቦታ፣ ሦስትና አራት ቃል ሆኖ ይጻፍ።

የውሃ መዝናኛ ፓርኮች በአገራችን እየተከፈቱ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዋናው ነገር የውሃ ሸርተቴው ነው። የቁመት መለኪያው የሚቆመው ከደረጃው ሥር መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ ላይ፣ መነሻው አፍ ላይ ይተከላል፤ ያኔ 1.15 የሆነው ልጅ አራት ፎቅ ወጥቶ፣ ተሰልፎ፣ «አትችልም» ሲባል በእርጥብ ደረጃ ሰልፈኛውን እየገፋ መውረድ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ግን ይህ አይደለም፤ ኦፕሬተሩ አዝኖ ያሳልፈዋል። ቁመት የሚለካው ጫማ ወልቆ፣ ከፍተኛው ክብደትም ከቁመቱ ጎን ተጽፎ ነው። ቁጥሩን ከጎረቤት ፓርክ መገልበጥ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ሸርተቴ አምራቹ የሰጠው የራሱ ገደብ አለው። በኢንች የተጻፈ ከሆነም ይመንዘር፤ 48 ኢንች 122 ሳንቲ ሜትር ነው እንጂ 120 አይደለም።

የአቀማመጡ ሥዕል መነሻው ላይ በዓይን ልክ ይሁን፤ በጀርባ ተኝቶ፣ እግር ወደፊት፣ ቁርጭምጭሚት ተጠላልፎ፣ እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ። እጁን የዘረጋ ሰው ሸርተቴው በሚጠማዘዝበት ቦታ ትከሻውን ያወልቃል። ጂንስና ብረት ቁልፍ ያለው ልብስ ፋይበሩን ይፍቃል፣ የተፋቀው ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ጀርባ ምላጭ ይሆናል፤ ይህ በሰሌዳው ላይ ምክንያቱ ቢጻፍ ሰው ይታዘዛል። ከታች ደግሞ «ወዲያው ውጡ» የሚል ጽሑፍ ከቀስት ጋር ሆኖ የሚወጡበትን አቅጣጫ ማሳየት አለበት፤ ምክንያቱም የሚጋጩት ሁለተኛው ሰው ሲወርድ አንደኛው ፀጉሩን እያስተካከለ ስለሚቆይ ነው። ላይ ያለው ኦፕሬተር የታችኛውን ካላየ ቀይና አረንጓዴ መብራት፣ አለዚያም ሬዲዮ የግድ ነው።

ሰው የማያየው ሌላ አደጋ የወለሉ መውረጃ ነው። ፓምፑ ውሃውን በዚያ ሲስብ ክዳኑ ከተሰበረ ወይም ከጠፋ የልጅ ፀጉር፣ እጅ ወይም ገላ ይጣበቅበታል፤ ጎልማሳ እንኳ ጎትቶ ማላቀቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2002 ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር የተባለች የሰባት ዓመት ልጅ፣ የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ፣ በዚህ መንገድ ሞተች፤ በ2007 በስሟ የወጣው ሕግ ልዩ ክዳን አስገዳጅ አደረገ። በምልክት ረገድ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ፓምፑን የሚያጠፋው ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ከገንዳው ዳር የሚታይ፣ ያልተቆለፈበት፣ ከበላዩም «ሰው ከተያዘ ይህን ተጫኑ» የሚል ጽሑፍ ያለው መሆን አለበት። በማሽን ክፍል ውስጥ፣ ቁልፉ ከቴክኒሻኑ ኪስ ያለ ማጥፊያ እንደሌለ ይቆጠራል። የመውረጃው ክዳን ራሱም ምልክት ነው፤ ጠርዝ ላይ ቆመን በጥልቁ በኩል ክዳኑን በግልጽ ካላየን ውሃው ደፍርሷልና ገንዳው ይዘጋ። የሰመጠ ሰው በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ አይታይም።

የኬሚካል ክፍሉን በአጭሩ እንለፈው። በሩ ላይ «ክሎሪንና አሲድ አትደባልቁ» ይጻፍ፤ ሲደባለቁ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሁለት ዓይነት ክሎሪንም ቢሆን በአንድ ባልዲ አይቀላቀልም፤ ሊቃጠል ወይም ሊፈነዳ ይችላል። አሲድ በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው የውሃ ፕላስቲክ ቀድቶ ማስቀመጥ ደግሞ በምንም ጽሑፍ የማይስተካከል ጥፋት ነው።

የደረጃዎች ጠርዝ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠቆር ያለ መስመር ይሰመር፤ ነጭ ደረጃ በነጭ ወለል ላይ ከውሃ ሥር አንድ ሆኖ ይታያል። ፍል ውሃ ባለባቸው ቦታዎች የሙቀቱ መጠን በዲግሪ ተጽፎ መታየት አለበት፤ 40 ዲግሪ ከዚያ በላይ ማንም መግባት የሌለበት ገደብ ነው፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ደግሞ ይህም ብዙ ነው። በክረምት ነጎድጓድ ሲሰማ ከውሃ መውጣት፣ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ የሚለውም ሰሌዳ ላይ ይስፈር፤ ካልተጻፈ ላይፍጋርዱ ከደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል።

የነፍስ ማዳኛ ቀለበቱና ረጅሙ ዘንግ ባለበት ቦታ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል። በላዩ ላይ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስልክ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይጻፍ፤ ከሥሩ የቦታው ስም፣ ወረዳውና በሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ይሁን። የደነገጠ ሰው ስልክ አንሥቶ «የት ነው?» ሲባል አፉ ይተሳሰራል፤ የመንገድ ቁጥር በማንጠቀምበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የትንፋሽ አሰጣጡም በሥዕል ይኑር። ለሰመጠ ሰው ደረት ከመጫን በፊት ትንፋሽ ይቀድማል፤ ከዚያ 30 ጊዜ ደረት መጫን፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት።

ፈቃድ የሚያድሱ አካላት ለምርመራ ልዩ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። አንድ ቱንቢ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ያለው የ4 ሜትር ገመድና ረጅም ዘንግ ይበቃል። በየቁጥሩ ፊት ቆሞ፣ በዘንጉ አንድ ሜትር ገባ አድርጎ ቱንቢውን መጣል፣ ውሃው ገጽ ላይ ያለውን ቋጠሮ ማንበብ፣ ከተጻፈው ጋር ማመሳከር ነው። ለ25 ሜትር ገንዳ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ወላጆችም ልጅ ከማስመዝገባቸው በፊት ይህን ያደረገ ሰው ማን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ቢጠይቁ መብታቸው ነው። ልዩነቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር የበለጠበት ቁጥር አዲሱ ሴራሚክ ተሠርቶ እስኪመጣ ድረስ በፕላስተር ተሸፍኖ፣ ትክክለኛው በወፍራም ማርከር በሰሌዳ ተጽፎ ከጎኑ ይቁም።

ከአክብሮት ጋር፣
በመዋኛ ገንዳ ግንባታ፣ ጥገናና ዋና ሥልጠና የተሰማራን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ